የአንድ ትንሽ ኮሌጅ ትልቅ ዓላማ

ትምህርት ምን ይጠቅማል ተብሎ ሲጠየቅ ብዙዎቻችን ፈጥነን የምንሰጠው መልስ «ሥራ ያስገኛል» የሚል ነው። መልሱ ስሕተት አይደለም፤ ሰው በልቶ ማደር፣ ወላጆቹንም መጦር አለበትና። ነገር ግን ይህን ጥያቄ በሌላ አኳኋን የመለሱ፣ መልሳቸውንም በቃል ብቻ ሳያስቀሩ ትምህርት ቤት ሠርተው በሥራ ያሳዩ ሰዎች አሉ። እኔም በዚህ ዓመት መጽሔታችን ስለ እነርሱ ጥቂት ለመጻፍ የተነሣሁት፣ የመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ምን እንማር፣ የትስ እንግባ እያልን በምንጨነቅበት በዚህ ጊዜ ሐሳባቸው ይጠቅመናል ብዬ ስለማምን ነው።

የምጽፍለት ትምህርት ቤት በአሜሪካ አገር፣ ኢንዲያና በሚባለው ክፍለ ሀገር፣ በሪችመንድ ከተማ የሚገኘው ኧርልሃም ኮሌጅ ነው። ከዚህ በታች የማነሣቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልኝ።

ኩዌከሮች እነማን ናቸው?

የኮሌጁን ዓላማ ለመረዳት አስቀድሞ የመሠረቱትን ሰዎች ማወቅ ያስፈልጋል። በ17ኛው ክፍለ ዘመን በእንግሊዝ አገር ጆርጅ ፎክስ የሚባል ሰው ተነሣ። የተወለደው በ1624፣ የሞተው በ1691 ነው። አባቱ ሸማኔ ነበር፤ እርሱም በልጅነቱ ከጫማ ሰፊ ዘንድ ገብቶ ሙያ ተምሯል። ፎክስ ያስተማረው ዋናው ነገር በእያንዳንዱ ሰው ልብ ውስጥ የእግዚአብሔር ብርሃን አለ የሚል ነው። ይህ ብርሃን በንጉሥም ሆነ በገበሬ፣ በወንድም ሆነ በሴት፣ በነጭም ሆነ በጥቁር ልብ ውስጥ ያው አንድ ነው አለ። ተከታዮቹ ራሳቸውን «የወዳጆች ማኅበር» ብለው ጠሩ። «ኩዌከር» የሚለው ቃል ትርጉሙ «ተንቀጥቃጭ» ማለት ሲሆን ሌሎች ሊያሾፉባቸው ያወጡላቸው ስም ነበር፤ ውሎ አድሮ ግን የፌዙ ስም የክብር ስም ሆነላቸው።

ከዚህ ከአንዱ ሐሳብ ብዙ ነገር ተከተለ። ብርሃኑ በሁሉም ዘንድ ካለ፣ ሰውን ከሰው ማበላለጥ አይገባም አሉ። ስለዚህ በጸሎታቸው ጊዜ ሁሉም በዝምታ ይቀመጣሉ፤ ልቡ እንዲናገር ያነሣሣው ሰው፣ ወንድም ቢሆን ሴትም ብትሆን፣ ተነሥቶ ይናገራል። በባለሥልጣን ፊት ባርኔጣ ማውለቅንም ተዉ። በዚያ ዘመን የእንግሊዝኛ ቋንቋ እንደ እኛ አማርኛ ለታናሽና ለታላቅ የተለያየ አጠራር ነበረው፤ ኩዌከሮች ግን ለመስፍኑም ለአገልጋዩም እኩል «አንተ» ማለት ጀመሩ። በአገራችን አንድ ወጣት ዳኛውን ችሎት ላይ «አንተ» ብሎ ቢጠራው ምን እንደሚደርስበት የሚያውቅ፣ እነርሱም ለምን ይታሰሩ እንደ ነበር ይገባዋል።

መሐላንም አንምልም አሉ። ምክንያታቸው ቀላልና ጥልቅ ነው፤ ስምል ብቻ እውነት የምናገር ከሆነ፣ ሳልምል የተናገርሁት ሁሉ ሊጠረጠር ነው ማለት ነው። በንግድም እንዲሁ ዕቃቸውን በአንድ ቁርጥ ዋጋ ይሸጡ ነበር እንጂ ከፍ አድርጎ ጠርቶ ዝቅ ማለትን እንደ ውሸት ይቈጥሩት ነበር። በ1660 ደግሞ ለእንግሊዙ ንጉሥ ለዳግማዊ ቻርልስ፣ በማናቸውም ምክንያት ጦር መሣሪያ ይዘው እንደማይዋጉ በጽሑፍ አስታወቁ። ይህ የሰላም አቋም እስከ ዛሬ ይታወቁበታል።

የኮሌጁ አመሠራረት

ከኩዌከሮች ብዙዎቹ ወደ አሜሪካ ተሻገሩ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በሰሜን ካሮላይና ይኖሩ የነበሩት፣ ባርነት ባለበት አገር መኖርን ስለጠሉ፣ ርስታቸውን እየሸጡ ባርነት ወደተከለከለበት ወደ ኢንዲያና ፈለሱ። ከእነርሱ አንዱ ሌዊ ኮፊን ነበር። ይህ ሰው ከ1826 እስከ 1847 ከሪችመንድ በስተሰሜን ባለች አንዲት ትንሽ መንደር ሲኖር፣ ከጌቶቻቸው አምልጠው ወደ ሰሜን የሚሸሹትን ጥቁሮች በቤቱ እየደበቀ፣ እያበላና እያለበሰ ያሳልፋቸው ነበር። ሕጉ ይህን የሚያደርገውን ሰው ይቀጣ ስለ ነበር ሥራው አደጋ ነበረበት።

እንግዲህ እንዲህ ያሉ ሰዎች በሚኖሩበት አገር በ1847 የወዳጆች አዳሪ ትምህርት ቤት በሪችመንድ ተከፈተ። በ1859 ትምህርቱ ከፍ ብሎ ኮሌጅ ሆነ፤ ስሙም በእንግሊዝ አገር በኖሪች ከተማ አጠገብ ከሚገኘው የገርኒ ቤተ ሰብ መኖሪያ ተወስዶ ኧርልሃም ተባለ። ከዚህ ቤተ ሰብ የተወለደው ጆሴፍ ጆን ገርኒ በአሜሪካ ኩዌከሮች ዘንድ ተዘዋውሮ ያስተማረ ሰው ነበር፤ እኅቱ ኤልሳቤጥ ፍራይም የእስር ቤቶችን አያያዝ ለማሻሻል በመድከሟ የታወቀች ናት። ኧርልሃም በኩዌከሮች ከተመሠረቱት ኮሌጆች፣ በፔንሲልቬንያ በ1833 ከተከፈተው ከሃቨርፎርድ ቀጥሎ ሁለተኛው ሲሆን፣ ወንዶችንና ሴቶችን አብሮ በማስተማር ግን የመጀመሪያው ነው።

ኮሌጁ ዛሬም ትንሽ ነው። የተማሪዎቹ ቍጥር ከ1,000 ያነሰ ነው። ከእነርሱም አብዛኞቹ ኩዌከሮች አይደሉም፤ ከልዩ ልዩ አገርና ሃይማኖት የመጡ ናቸው። ማንም የኩዌከርን እምነት እንዲቀበል አይገደድም፤ ሁሉም እንዲያከብረው የሚጠየቀው የአኗኗሩን ደንብ ነው።

ሊበራል አርትስ ምን ማለት ነው?

በእንዲህ ያለው ኮሌጅ የሚሰጠው ትምህርት «ሊበራል አርትስ» ይባላል። ቃሉ የጥንት ነው። በሮማውያን ዘንድ ነፃ ለሆነ ሰው የሚገባ ትምህርት ማለት ነበር። በመካከለኛውም ዘመን ሰባት ክፍሎች ነበሩት፤ እነርሱም ሰዋስው፣ የንግግር ጥበብ፣ የማሰብ ሥርዓት፣ ሒሳብ፣ ጂኦሜትሪ፣ የከዋክብት ጥናትና ዜማ ናቸው። ዛሬ ሳይንሱ፣ ታሪኩ፣ ቋንቋው፣ ሥነ ጥበቡና የኅብረተ ሰብ ጥናቱ ሁሉ ይገባበታል።

ዓላማው ተማሪው ገና በአሥራ ስምንት ዓመቱ በአንዲት ሙያ ተወስኖ እንዳይቀር ነው። አንድ ሙያ በጥልቀት ይማራል፤ ከዚያም ሌላ ሳይንስ የሚያጠናው ታሪክ ያነባል፣ ታሪክ የሚያጠናውም ሳይንስ ይቀምሳል። ትምህርቱ የሚሰጠው በትንንሽ ክፍሎች ስለሆነ መምህሩ እያንዳንዱን ተማሪ በስሙ ያውቀዋል፤ ተማሪውም ሐሳቡን ሳይናገርና ሳይጽፍ ተደብቆ ዓመቱን ሊጨርስ አይችልም።

ለዚህ አንድ ምሳሌ ልስጥ። ዌንዴል ስታንሊ የሚባል የኢንዲያና ተወላጅ በኧርልሃም ተምሮ በ1926 ተመረቀ። በኮሌጁ ሳለ የአሜሪካን እግር ኳስ በጣም ይጫወት ስለ ነበር ምኞቱ አሠልጣኝ መሆን ነበር። ኋላ ግን ልቡ ወደ ኬሚስትሪ አዘነበለ። በ1935 የትንባሆን ቅጠል የሚያሳምመውን ቫይረስ እንደ ጨው ባለ ጥርት ያለ መልክ ለይቶ አወጣ። ስለዚህም ሥራው በ1946 ከሁለት ሌሎች ሊቃውንት ጋር የኬሚስትሪን የኖቤል ሽልማት ተካፈለ። አንድ ወጣት ያላሰበው በር እንዲከፈትለት፣ አስቀድሞ ብዙ በሮች ባሉበት ቤት መግባት እንደሚያስፈልገው ከዚህ እንማራለን።

በዚያው ኮሌጅ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መምህርና ፕሬዚዳንት በነበረው በጆሴፍ ሙር ስም የሚጠራ የተፈጥሮ ታሪክ ቤተ መዘክር አለ። በዚያም ከብዙ ሺሕ ዓመት በፊት ከምድር የጠፋ፣ ቢቨር የሚባለው የውሃ ዳር አውሬ ወገን የሆነ ግዙፍ እንስሳ አጽም ይታያል። ሃይማኖት አጥባቂ የነበሩት መሥራቾች ሳይንስን እንደ ጠላት አለማየታቸው የሚደነቅ ነው። እውነት ከየትም ትምጣ ከየት አያስፈራም ብለው ያምኑ ነበርና።

አምስቱ መሠረቶች

የኧርልሃም ኑሮ የሚመራባቸው መሠረቶች አምስት ናቸው። እነርሱም ሰውን ማክበር፣ ሐቀኝነት፣ ለሰላምና ለፍትሕ መቆም፣ የኑሮ ቀላልነት፣ ጉዳይንም በጋራ መክሮ መወሰን ናቸው። እነዚህ ቃሎች በየትኛውም ትምህርት ቤት ግድግዳ ላይ ሊጻፉ ይችላሉ። ስለዚህ እያንዳንዱ በሥራ እንዴት እንደሚገለጽ ባሳይ ይሻላል።

አንደኛው ሰውን ማክበር ነው። በኧርልሃም ተማሪው መምህሩን፣ ፕሬዚዳንቱንም ሳይቀር፣ ያለ ማዕረግ በስማቸው ይጠራቸዋል። ይህ በእኛ ዘንድ ብልግና ይመስላል፤ እኛ መምህራችንን «ጋሼ» ወይም «መምህር» ሳንል አንጠራምና። ነገር ግን የእነርሱ አሳብ መምህሩን ዝቅ ለማድረግ ሳይሆን ተማሪውን ከፍ ለማድረግ ነው። የእኛ ልማድና የእነርሱ ልማድ በመልክ ይለያዩ እንጂ ሁለቱም ክብርን ይፈልጋሉ። ልዩነቱ እነርሱ ያንኑ ክብር ለታናሹም፣ ለጽዳት ሠራተኛውም፣ ለአዲሱም ተማሪ በእኩል መስጠታቸው ነው። እኛም «እርስዎ» ማለታችንን ሳንተው ይህን ልንማር እንችላለን።

ሁለተኛው ሐቀኝነት ነው። በዚህ ረገድ ከሁሉ የበለጠ የገረመኝ የእኅት ኮሌጁ የሃቨርፎርድ ሥርዓት ነው። በሃቨርፎርድ ከ1897 ጀምሮ ፈተና የሚሰጠው ያለ ተቈጣጣሪ ነው። ተማሪዎቹ የክብር ደንብ አላቸው፤ ደንቡን የሚያወጡትና የሚጠብቁት ራሳቸው ናቸው፤ በየዓመቱም ተሰብስበው ካላጸደቁት ደንቡ አይቀጥልም። በፈተናው ወቅት ጥያቄውን ተቀብሎ፣ ሰዓቱን ራሱ ጠብቆ፣ ማንም ሳያየው የሚሠራ ተማሪ፣ ከትምህርቱ ሌላ ትልቅ ነገር ይማራል። በአገራችን የመልቀቂያ ፈተና አስቀድሞ እየወጣ፣ መልሱም በስልክ እየተላለፈ ስለተቸገርን ከ2022 ጀምሮ ተፈታኞች ወደ ዩኒቨርሲቲዎች እየሄዱ በጥብቅ ጥበቃ ሥር መፈተን ጀምረዋል። ጥበቃው አስፈላጊ ነው፤ አልቃወመውም። ይሁን እንጂ ጥበቃ ሌባውን ያግደው ይሆናል እንጂ ሐቀኛ ሰው አያደርገውም። ሐቀኛ ሰው የሚሠራው በመታመን ነው። መታመን ደግሞ ከትንሽ ነገር፣ ከክፍል የቤት ሥራ፣ ይጀምራል።

ሦስተኛው ለሰላምና ለፍትሕ መቆም ነው። አሜሪካ በአንደኛው የዓለም ጦርነት በገባችበት በ1917፣ መዋጋትን ኅሊናቸው የማይፈቅድላቸው ወጣቶች በጦር ሜዳ ፈንታ የተጎዱትን የሚረዱበት ማኅበር ኩዌከሮች አቋቋሙ። ከመሥራቾቹ አንዱ የሃቨርፎርድ የፍልስፍና መምህር ሩፉስ ጆንስ ነበር። ማኅበሩ ከጦርነቱ በኋላ በተሸነፈችው በጀርመን አገር በረኃብ ይሰቃዩ ለነበሩ ወደ አንድ ሚሊዮን ለሚጠጉ ሕፃናት በየቀኑ ምግብ እስከ ማደል ደርሷል። የትናንቱን ጠላት ልጆች መመገብ ማለት ይህ ነው። የእኛም አገር ከዚህ በጎ ሥራ ተካፍላለች፤ ጣሊያን ከወጣ በኋላ በ1940ዎቹ መጀመሪያ ዓመቶች፣ በኩዌከሮች የተቋቋመው የእንግሊዝ የአምቡላንስ ጓድ ወጣቶች ወደ ኢትዮጵያ መጥተው በሕክምና ሥራ አገልግለዋል።

ኧርልሃምም በራሱ በኩል ተፈትኗል። በየካቲት 1942 የአሜሪካ መንግሥት ባወጣው ትእዛዝ በምዕራቡ ጠረፍ ይኖሩ የነበሩ ከ100,000 በላይ የጃፓን ዘር ያላቸው ሰዎች፣ ብዙዎቹ በአሜሪካ ተወልደው ዜጎች የሆኑ፣ ከቤታቸው ተነሥተው በአጥር ወደተከበቡ ሰፈሮች ተወሰዱ። ከእነርሱም መካከል የኮሌጅ ተማሪዎች ነበሩ። ኩዌከሮች ከሌሎች ጋር ሆነው ተማሪዎቹ ከሰፈሩ ወጥተው ትምህርታቸውን እንዲቀጥሉ ሲጥሩ፣ በራቸውን ከከፈቱት ኮሌጆች አንዱ ኧርልሃም ነበር። ሕዝቡ በጃፓን ላይ በተቈጣበት ሰዓት ይህን ማድረግ ቀላል አልነበረም። ዛሬም በኮሌጁ የሰላምና የዓለም ጉዳዮች ጥናት ራሱን የቻለ ትምህርት ሆኖ ይሰጣል።

አራተኛው የኑሮ ቀላልነት ነው። ይህ ድኽነትን ማመስገን አይደለም። የማያስፈልገውን ማስወገድ፣ ለታይታ አለመኖር ነው። በ1947 የአሜሪካና የእንግሊዝ ኩዌከሮች የእርዳታ ማኅበሮች የሰላምን የኖቤል ሽልማት በአንድነት ሲሸለሙ፣ በአሜሪካኖቹ ስም ሽልማቱን የሚቀበለው ሄንሪ ካድበሪ ነበር። ይህ ሰው በሃቨርፎርድ የተማረና ያስተማረ ሊቅ ነው። በንጉሡ ፊት ለሚደረገው በዓል የሚለበስ ረጅም ጥቁር ኮት አስፈለገው፤ እርሱ ግን አልነበረውም። ስለዚህ ማኅበሩ ለችግረኞች ካሰባሰበው ልብስ መካከል በልኩ ተፈልጎለት ተዋሰና ለብሶ ሄደ። ከሽልማቱ ይልቅ ይህ ኮት የበለጠ ያስተምራል ብል ማጋነን አይመስለኝም።

በጋራ መክሮ መወሰን

አምስተኛውና ለብዙ ሰው አዲስ የሚሆነው፣ ጉዳይን በስምምነት የመወሰን ሥርዓት ነው። በኧርልሃም የመምህራን ጉባኤ የሚጀመረው በዝምታ ነው። ሰብሳቢው «ጸሐፊ» ይባላል። ሥራው ማዘዝ ሳይሆን ማዳመጥ ነው። ሰው ሁሉ በየተራው ይናገራል፤ ማንም የሌላውን ቃል አያቋርጥም። በመጨረሻ ጸሐፊው «ጉባኤው የተስማማበት እንዲህ ይመስለኛል» ብሎ ያስታውቃል። እጅ ማውጣት፣ ድምፅ መቍጠር የለም። ሐሳቡን ያልተቀበለ ሰው ቢኖር ምክንያቱ ይደመጣል፤ እርሱም የጉባኤውን መንገድ ላለመዝጋት ሲል ተቃውሞውን አስመዝግቦ ዳር ሊቆም ይችላል። ተቃውሞው ከባድ ከሆነ ግን ጉዳዩ ለሌላ ቀን ይቆያል። ተማሪዎችም በኮሚቴዎች ውስጥ ይገባሉ፤ አዲስ መምህር ሲመረጥ እንኳ ቃላቸው ይሰማል።

ምክንያቱን ከላይ ካልሁት ከብርሃኑ ትምህርት ማግኘት ይቻላል። እውነት በሁሉም ልብ ውስጥ የምትገኝ ከሆነ፣ ብቻውን የቀረው አንድ ሰው ሌሎቹ ያላዩትን አይቶ ይሆናል። በድምፅ ብልጫ ግን ሃምሳ አንዱ አርባ ዘጠኙን አሸንፈው ይሄዳሉ፤ የተሸነፉትም ቂም ይዘው ይቀራሉ። እኛም ሽማግሎች ዛፍ ሥር ተቀምጠው ሁለቱም ወገን «ይሁን» እስኪል ድረስ ሲመክሩ እያየን ያደግን ስለሆንን የነገሩ መንፈስ እንግዳ አይሆንብንም።

ስለ ጉድለታቸውም

ምስጋና ብቻ ጽፌ ባቆም አንባቢን ማሳሳት ይሆንብኛል። በመጀመሪያ፣ ኩዌከሮች ያመኑበትን ሁሉ በአንድ ቀን አልፈጸሙም። በአሜሪካ ከእነርሱ ወገን ባሪያ የገዙና የሸጡ ነበሩ። በ1688 በፔንሲልቬንያ ጥቂት ሰዎች ባርነትን የሚቃወም ጽሑፍ ቢያቀርቡም፣ የፊላዴልፊያ ጉባኤ አባሎቹ ባሪያ እንዳይኖራቸው ቆርጦ የከለከለው በ1776 ነው። በመካከሉ ወደ ዘጠና ዓመት አለፈ። ሃቨርፎርድም ሰው ሁሉ እኩል ነው እያለ ሴቶችን ከመጀመሪያው ዓመት አንሥቶ መቀበል የጀመረው በ1980 ነው። ጥሩ ሐሳብ በመጽሐፍ መኖሩ ብቻ አይበቃም ማለት ነው፤ በየትውልዱ የሚያስታውስ፣ የሚከራከርለትም ሰው ያስፈልገዋል።

ሁለተኛ፣ በስምምነት መወሰን ጊዜ ይፈጃል። አስቸኳይ ነገር ሲመጣ ያዘገያል፤ ግትር ሰውም ሥራ ሊያስተጓጉልበት ይችላል። ሦስተኛ፣ እንዲህ ያለው ትምህርት በጣም ውድ ነው። ጥቂት ተማሪዎችን በብዙ መምህራን ማስተማር ገንዘብ ይጠይቃል፤ ያለ እርዳታ ሊከፍል የሚችል ቤተ ሰብ ጥቂት ነው። በአሜሪካም ብዙ ትንንሽ ኮሌጆች በገንዘብ ችግር ተይዘዋል፤ የተዘጉም አሉ። «ይህ ሁሉ ድካም ለጥቂቶች ብቻ ከሆነ ፍትሑ የት አለ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ጥያቄው ተገቢ ነው።

እኔ ግን እንዲህ አስባለሁ። ከእነዚህ መሠረቶች አብዛኞቹ ገንዘብ አይጠይቁም። ትንሹን ማክበር ክፍያ የለውም። ያልሠሩትን ሠራሁ አለማለት ሕንጻ አያስፈልገውም። ከጓደኛ ጋር ሳይጣሉ ተነጋግሮ መስማማት፣ የሚናገረውንም ሰው ሳያቋርጡ መስማት በእኛም ክፍል ውስጥ ሊጀመር ይችላል። የክበቦቻችን ስብሰባዎች ብዙ ጊዜ የሚያልቁት ጩኸት ባበዛው አሸናፊነት ነው። ስብሰባውን በጥቂት ደቂቃ ዝምታ ብንጀምረው፣ ከመናገራችንም በፊት ሌላው ያለውን በራሳችን ቃል ደግመን ብናስረዳ ምን እናጣለን?

ወንድሞቼና እኅቶቼ፤ ከእኛ አንዳንዱ ሐኪም፣ አንዳንዱ መሐንዲስ፣ አንዳንዱ ነጋዴ ይሆናል። ሙያችን እንጀራችንን ይሰጠናል። ነገር ግን ሐኪሙ ማንም በማያየው ሌሊት በሽተኛውን እንዴት እንደሚይዘው፣ መሐንዲሱ ሲሚንቶው ሲቀነስ ዝም ይል እንደሆነ፣ ነጋዴውም ሚዛኑን እንዴት እንደሚያቆመው የሙያ መጽሐፍ ብቻውን አይወስነውም። ይህን የሚወስነው ሰውየው ራሱ ምን ዓይነት ሰው ሆኖ እንደተማረ ነው። በኢንዲያና ሜዳ ላይ ያለው ትንሽ ኮሌጅ ከ170 ዓመት በላይ የደከመው ለዚህ ነው። እኛም የምንገባበትን ትምህርት ቤት ስንመርጥ «ምን ያስተምረኛል?» ከማለት ጋር «ምን ዓይነት ሰው ያደርገኛል?» ብለን እንድንጠይቅ አሳስባለሁ።